ወደ ጅቡቲ ለተግባር ልምምድ የሚላክ ተማሪ



አንድ ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ተለይቶ በባዕድ ከተማ ለተግባር ልምምድ ሲላክ፣ በእጁ የሚሰጠው ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ ስለ ሥራው ብቻ የሚናገር ነው። ልምምዱ ስንት ወር እንደሚቆይ፣ ሪፖርቱ መቼ እንደሚቀርብ፣ ውጤቱ በማን እንደሚሞላ ተዘርዝሮ ይጻፍለታል። ከሥራ ሲወጣ ወዴት እንደሚገባ፣ ከማን ጋር እንደሚውል፣ የአገሩን ሰው በምን አኳኋን እንደሚያነጋግር ግን አንዲት መስመር እንኳ አይገኝለትም። ይሁን እንጂ የልምምዱን ፍሬ የሚያበላሸው ከሥራው ክብደት ይልቅ የኑሮው አለመደላደል ነው። የዛሬው ንግግር ይህንኑ ጉዳይ ጅቡቲ ከተማን ምሳሌ አድርጎ ይመለከታል።

ጅቡቲ መመረጧ ያለ ምክንያት አይደለም። የሎጂስቲክስ፣ የባቡር ምሕንድስና ወይም የጉምሩክ ሥራ የሚማር ኢትዮጵያዊ ወጣት በመጽሐፍ ያነበበውን በዓይኑ ለማየት ከዚህች ከተማ የቀረበ የባሕር ወደብ አያገኝም። የባቡሩ ሐዲድ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። የመንገዱም ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በእርሱ እግር የተተካው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎቱን ጀመረ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል የሚመላለሰው በዚሁ ወደብ ነው። በአንጻሩም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ለጅቡቲ ይሸጣል፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ከሶማሌ ክልል ምድር የሚወጣ ውሃ በቧንቧ ወደ ጅቡቲ እንዲወርድ ተደርጓል።

እንግዲህ ተማሪው የሚሳሳተው ከዚህ ላይ ነው። መብራቱም ውሃውም ከአገሩ እንደሚመጣ፣ በወደቡ የተቆለለውም ዕቃ አብዛኛው የአገሩ እንደሆነ ሲሰማ፣ ወደ ሌላ አገር የሄደ ሳይሆን ከራሱ ቤት ወደ ጓዳ የገባ ይመስለዋል። «ወደባችን» የሚለው ቃል ሳያስበው ከአፉ ይወጣል። ቃሉ አዲስ አበባ ላይ ማንንም አይጎዳም፤ በጅቡቲ መሥሪያ ቤት ግን ሰሚውን ያስከፋል። በከተማይቱ መካከል የምኒልክ አደባባይ የሚባል ስፍራ አለ፤ ዛሬ ኦፊሴላዊ ስሙ የነጻነት ቀናቸውን የሚያስታውስ ሲሆን፣ ይኸውም ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። ተማሪው የመጀመሪያውን ስም ብቻ ይዞ ከሄደ እንደ ባለቤት ይመላለሳል፤ ሁለቱንም ስሞች አውቆ ከሄደ ግን እንግዳ መሆኑን ይረዳል። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገርም ይህ ነው፤ ቅርብ አገር የሚላክ ተማሪ ሩቅ አገር ከሚላከው ይልቅ እንግድነትን መማር ያስፈልገዋል። ሩቅ የሚሄደው እንግዳ መሆኑን አየሩም፣ መልኩም፣ ቋንቋውም ይነግሩታል፤ ቅርብ ለሚሄደው ግን የሚነግረው መምህሩ ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈተናዎች ጥቃቅን ይመስላሉ። ከደጋ የሄደ ልጅ ከሁሉ በፊት የሚገጥመው ሙቀቱ ነው። በኢትዮጵያ ክረምት የሚባሉት ሐምሌና ነሐሴ በጅቡቲ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባቸውና ደረቅ ነፋስ አሸዋ ይዞ የሚነፍስባቸው ወሮች ናቸው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ግን ለኑሮም ለሥራም የተመቸ ነው። ትምህርት ቤቶች ልምምዱን በክረምት ዕረፍት ላይ ሲያደርጉት፣ ልጁን ከዓመቱ ሁሉ በከፋው ጊዜ መላካቸው ነው።

ሁለተኛው የሰዓትና የቀን ነገር ነው። አለቃው «ነገ በሰባት ሰዓት ና» ቢለው፣ ተማሪው በአገሩ ልማድ ቆጥሮ ከቀትር በኋላ ይደርሳል፤ አለቃው ግን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሲጠብቀው ውሏል። የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ በመሆኑ እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ በሰንበት ቤተ ክርስቲያን መሳም የለመደ ልጅ ይህን አስቀድሞ ካላወቀ በመጀመሪያው ሳምንት ከሥራው ይቀራል፤ ሰነፍም ይባላል።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በማይለዋወጥ ተመን የታሰረ ሲሆን፣ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከሳንቲም ያወጣል። ብር ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው እጅግ ቀንሷል። ስለዚህ በብር ተቆርጦ የተሰጠ አበል ወሩ ሳይጋመስ ሊያልቅ ይችላል። የተራበ ልጅ ደግሞ ከትምህርቱ ይልቅ ስለ እራቱ ያስባል።

አራተኛው ቋንቋ ነው። የመንግሥቱ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው፤ በቤትና በገበያ ሶማሊኛና አፋርኛ ይነገራሉ። ከ1928 ዓ.ም. ወረራ በፊት በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ፈረንሳይኛ ከፍ ያለ ቦታ ነበረው፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት ይኸው ባቡር ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ግን እንግሊዝኛ ቦታውን ወሰደ። በዚህም የተነሣ የዛሬው ተማሪ በእንግሊዝኛ ያጠናውን ሥራ በፈረንሳይኛ ሰነድ ላይ ሲያገኘው ግራ ይጋባል። ቋንቋውን በጥቂት ሳምንታት ሊያውቅ አይችልም፤ ሰላምታውን፣ ቁጥሩንና የሰነዶቹን ስም ግን አገሩ ሳለ ሊማር ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ብቸኝነት ነው። በጅቡቲ አማርኛ የሚሰማ ሰው ብዙ ነው። ከባድ መኪና የሚያሽከረክሩ፣ በሰው ቤት የሚሠሩ፣ ነጋዴዎችና ትራንዚተሮች የሆኑ ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንደሚባለው፣ ለታመመ ወይም ገንዘብ ለጠፋበት ልጅ ፈጥነው የሚደርሱለት እነዚሁ ናቸው። ነገር ግን ተማሪው ማታ ማታ ከእነርሱ ጋር ብቻ የሚውል ከሆነ፣ ልምምዱን ጨርሶ ሲመለስ ከተማይቱን ሳያውቃት ይመለሳል። የአገሩን ሰው ለመጠጊያ፣ የከተማውን ሰው ለትምህርት መያዝ ይገባዋል።

ሌሎች ኢትዮጵያውያንም ያጋጥሙታል። በእግራቸው በረሃውን አቋርጠው ወደ ኦቦክ የሚያዘግሙ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን ለመሻገር የሚጠባበቁ፣ ዕድሜያቸው ከእርሱ ጋር የተካከለ ወጣቶች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ አጋማሽ በጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ብዙ ስደተኞች ሞተዋል፤ ከሟቾቹም ውስጥ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ተማሪው የተመዘገበ ደብዳቤ ይዞ በባቡር የገባባትን አገር እነዚህ ወጣቶች በውሃ ጥም ያቋርጧታል። ይህን ያየ ልጅ ወይ በወገኖቹ ያፍራል፤ ወይም ለእነርሱ ያስባል። ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ የሚወስነው ከመሄዱ በፊት ከመምህሩ የሰማው ቃል ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ያህል ወጪና ድካም ከማውጣት ልጁን ሞጆ ደረቅ ወደብ መላክ አይበቃም ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የኮንቴይነር አያያዝና የመጋዘን ሥራ ሞጆ ላይም ይገኛል። ሞጆ ላይ የማይገኘው አገርን ከውጭ ሆኖ ማየት ነው። በጅቡቲ ወደብ ተማሪው አገሩን ተራ እንደሚጠብቅ ደንበኛ ሆና ያያታል። አንድ ኮንቴይነር ከተፈቀደለት ቀን ሲያልፍ ኪራይ ይቆጠርበታል፤ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ ነው። አዲስ አበባ ላይ በግድየለሽነት የተሳሳተ አንድ ቁጥር እዚያ ዕቃውን ለቀናት ያስቆማል። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ ሰነድ በጥንቃቄ መሙላት ለምን እንደሚያስፈልግ ሌላ ሰባኪ አያሻውም።

ስለዚህ ከመምህራንና ከትምህርት ቤት ኃላፊዎች የሚጠበቁት ነገሮች ከባድ አይደሉም። አንደኛ፣ የልምምዱ ጊዜ በተቻለ መጠን ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ወቅት ቢሆን፤ ሁለተኛ፣ አበሉ በፍራንክ ታስቦ ቢቆረጥ፤ ሦስተኛ፣ ከመሄዱ በፊት ስለ አገሩ ታሪክ፣ ስለ ሰዓቱና ስለ ሳምንቱ አቆጣጠር፣ ስለ ጥቂት የፈረንሳይኛና የሶማሊኛ ቃላት ትምህርት ቢሰጠው፤ አራተኛ፣ የሚያድርበት ቤት አስቀድሞ ቢታወቅ፣ ለሴት ተማሪም ይህ ሳይረጋገጥ የጉዞ ደብዳቤ ባይጻፍላት፤ አምስተኛ፣ መምህሩ በየሳምንቱ ስለ ሪፖርቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ጤንነቱና ስለ ኑሮውም ቢጠይቀው። ሲመለስም ያየውን ለታናናሾቹ በክፍል ውስጥ እንዲናገር ቢደረግ፣ የአንዱ ልጅ ድካም ለሚቀጥለው ስንቅ ይሆናል።

በመጨረሻም፣ ከጅቡቲ ለትምህርት ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ ልጅ ቢኖር፣ እርሱም በአዲስ አበባ ብርድና በአማርኛ ፊደል መካከል ያው እንግዳ ነው። መምህራን የራሳቸውን ተማሪ በጅቡቲ እንዴት እንዲቀበሉላቸው እንደሚመኙ፣ ያንኑ ልጅ በዚያው አኳኋን ይቀበሉት። ሐዲዱ ሁለቱን አገሮች ካገናኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በሐዲዱ ላይ የሚመላለሱትን ልጆች በአግባቡ ማዘጋጀት ግን የባቡር መሥሪያ ቤት ሳይሆን የትምህርት ቤት ሥራ ነው።