ሞተሩ ሲቆም ማን ይወቀሳል?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ክረምት ለልምምድ ኮምቦልቻ ወደሚገኝ አንድ ፋብሪካ ተልኬ ነበር። እዚያ አንዲት የከሚሴ ልጅ የምታንቀሳቅሰው ማሽን በቀን ሦስት አራት ጊዜ በድንገት ይቆማል። አለቆቿ «ቁልፉን የነካሽው አንቺ ነሽ» እያሉ ይቆጧታል፤ ከደመወዟም ይቆርጡባታል። በኋላም የሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ማለት ድራይቩ፣ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ተለወጠ። ማሽኑ ግን መቆሙን አልተወም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድራይቭ 50 ኸርዝ የሆነውን ተለዋዋጭ ኮረንቲ ተቀብሎ ወደ ቀጥተኛ ይለውጣል፤ ከዚያም በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ለሞተሩ የሚፈለገውን ፍጥነት ይሰጣል። በከፈተና በዘጋ ቁጥር ጥቂት ኮረንቲ ከሞተሩና ከገመዱ ወደ ብረቱ አካል ይሾልካል። ይህም የግድ ወደ መነሻው ይመለሳል። ቦርከናን የምታውቁ እንደምታስታውሱት፣ ወንዝ መሄጃው ሲጠበው ማሳ ውስጥ ይገባል። ኮረንቲውም አጭር መመለሻ ሲያጣ በትእዛዝ ሽቦዎች በኩል ያልፋል፤ ድራይቩም ማንም ሳያዘው «ቁም» የተባለ ይመስለዋል።

እኛ በመጀመሪያ ማሽኑ የቆመበትን ሰዓት ሁሉ አንድ ሳምንት ሙሉ መዘገብን። ሠራተኛዋ ከቁልፉ ርቃ ሳለችም ይቆም ነበር። ቀጥሎ ኃይሉን አጥፍተን፣ በመሣሪያው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቀን ሳጥኑን ከፈትን፤ ምክንያቱም በካፓሲተሮቹ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል። የትእዛዙ ሽቦ ከሞተሩ ገመድ ጋራ በአንድ ቦይ ታስሮ አገኘነው። ገመዱን የሚያለብሰው የመዳብ መረብም እንደ ጅራት ተጠምዝዞ በአንድ ብሎን ብቻ ተይዟል።

አንዳንዶች አዲስ የመሬት ዘንግ እንቅበር አሉ። ዘንጉ ከአደጋ ለመጠበቅ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን እንዲህ ላለው ፈጣን ኮረንቲ ረጅም ሽቦ መንገድ አይሆነውም። ስለዚህ ሁለቱን ገመዶች 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አራራቅናቸው፤ መተላለፍ ግድ በሆነበትም ቦታ በመስቀል አሳለፍናቸው። መቆሙ ቀነሰ። ከዚያ መረቡን በሁለቱም ጫፍ ዙሪያውን፣ ቀለሙ በተፋቀ ብረት ላይ አጥብቀን አሰርን። መቆሙ ፈጽሞ ቀረ። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ብናደርግ ኖሮ የትኛው ምን እንደ ሠራ አናውቅም ነበር።

ጓደኞቼ፤ ለሥራው የወጣው ገንዘብ ከጥቂት ማሰሪያ ዋጋ አይበልጥም። ከልጅቱ ደመወዝ የተቆረጠው ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ዘንድሮ ለልምምድ የምትወጡ ሁሉ ደብተር ያዙ፤ ሽቦውን ሳትመረምሩም በሰው አትፍረዱ።