ጡረታን እምቢ ያሉት አሰልጣኝ

ወንድ አቅራቢ፦ አሞስ አሎንዞ ስታግ እ.ኤ.አ. በ1892 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ገና 30 ዓመታቸው ነበር። ሰባኪ ለመሆን ዬል ዩኒቨርሲቲ ገብተው ትምህርት ጀምረዋል፤ እዚያ ያስተማሯቸው ዊልያም ሬኒ ሃርፐር የቺካጎ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ለአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኝነት ጠሯቸው። 40 ዓመት ቆዩ።

ሴት አቅራቢ፦ እስቲ የ1905ቱን ጨዋታ አንሳልን።

ወንድ አቅራቢ፦ እሱማ ይነሳል እንጂ! ተጋጣሚው ሚሺጋን በ56 ተከታታይ ጨዋታ ሽንፈት አልቀመሰም ነበር። የሚሺጋኑ ዴኒ ክላርክ ከቺካጎ የተለጋውን ኳስ ከራሱ የግብ መስመር ጀርባ ተቀበለ። ሮጦ ሊወጣ ሲል የስታግ ልጆች ደረሱበት፤ ወደ ኋላ ገፍተው ጣሉት። ለዚህ ሕጉ 2 ነጥብ ይሰጣል። ጨዋታው በቺካጎ አሸናፊነት 2 ለ0 አለቀ።

ሴት አቅራቢ፦ ለእኔ ግን የሚበልጠው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። 70 ዓመት ሲሞላቸው ዩኒቨርሲቲው ጡረታ ውጡ አላቸው። እሳቸው ግን ካሊፎርኒያ ተሻግረው ስቶክተን ከተማ ፓሲፊክ ኮሌጅን ያዙ። በ1943፣ በ81 ዓመታቸው፣ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባሉ!

ወንድ አቅራቢ፦ ቺካጎስ?

ሴት አቅራቢ፦ በ1939 የፉትቦል ቡድኑን በተነው። ያሳዝናል። በስታግ ስም በተሰየመው የዩኒቨርሲቲው ሜዳ፣ ከተመልካች መቀመጫው ሥር፣ በ1942 የፊዚክስ ሊቁ ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቹ የመጀመሪያውን የኑክሌር ማብለያ አስነሡ።

ወንድ አቅራቢ፦ ስታግ ከፓሲፊክ በኋላም አላረፉም። ፔንሲልቬንያ ሄደው በሳስኩዌሃና ዩኒቨርሲቲ ከልጃቸው ጋር አሠልጥነዋል። በ1965 ሲሞቱ 102 ዓመታቸው ነበር።