የአሮጌ ብስክሌት ወዝ

ዛሬ ከአንድ ጥያቄ ልነሳ። አንዲት እናት፣ "የአባቴ ብስክሌት ከጓሮ መጋዘን ወጣ፤ ዝጓል፣ ቀለሙም ደብዝዟል፤ አዲስ ቀለም ላስቀባው ወይ?" ብለው ጠይቀውኛል። እባክዎ እናቴ፣ አያስቀቡት። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ብስክሌቱን አይቼዋለሁ። ጥቁር ራሌይ ነው፤ እንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃም ከተማ የተሠራ። ከመሪው በታች፣ ፊት ለፊት በሚታየው ቧንቧ ላይ፣ የአንዲት ሹል ማንቁር ያላት የውሃ ወፍ ራስ ያለበት ሰሌዳ አለ። ቀጫጭን የወርቅ መስመሮቹ ደብዝዘዋል እንጂ አልጠፉም። የኋላው ዕቃ መጫኛ ላይ ገመድ ለዓመታት የታሰረበት ቦታ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ለስልሷል። የቆዳው ኮርቻ በአንድ ሰው አቀማመጥ ልክ ጎድጉዷል። ይህን ሁሉ እኔ "ወዝ" እለዋለሁ። ሰው በብዙ ዓመት አገልግሎት በዕቃው ላይ የሚተወው ነው፤ ማንም ቀለም ቀቢ ሊመልሰው አይችልም። ወጣት ሳለሁ አንድ እንዲህ ያለ ብስክሌት በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ የሚያብረቀርቅ ቀለም ረጭቼበታለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሮጌ ብስክሌት ላይ ሦስት ነገር አለ፦ እድፍ፣ ዝገትና ወዝ። እድፍ የአቧራና የቅባት ድብልቅ ስለሆነ ይነሳል። ዝገት ብረቱን ስለሚበላ መቆም አለበት። ወዙ ግን ይቆያል። የሙያው ጥበብ ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ነው።

እንዲህ ያለ ብስክሌት የት ይገኛል? ብዙ ጊዜ ከቤት አይርቅም። ከአሮጌ አልጋና ከተሰበረ ወንበር ኋላ ቆሟል፤ አለበለዚያ ቆራሌው ወስዶት መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሷል። ስታገኙት ከመሪው ቧንቧ ኋላ፣ ሁለቱ ቧንቧዎች የሚገናኙበትን ቦታ በጣታችሁ ዳብሱ። ቀለሙ እንደ ቆዳ ከተጨማደደ ብስክሌቱ ከፊት ተጋጭቷል ማለት ነው፤ ብረቱ ታጥፏልና ተዉት። የተላጠ ቀለም ወይም የላይ ዝገት ግን አያስፈራችሁ።

ዕድሜውን ለማወቅ ሽቦዎቹ የሚሰበሰቡበትን የኋላ ጎማ ሞዞ በጨርቅ ጥረጉት። ባለ ሦስት ማርሽ የስተርሚ አርቸር ሞዞ ከሆነ ሁለት ፊደሎችና ቁጥሮች ተቀርጸውበት ታገኛላችሁ። ለምሳሌ 64 እና 3 ቢሆን፣ ሞዞው እ.ኤ.አ. በማርች 1964 ተሠርቷል ማለት ነው። ጎማው ከሌላ ብስክሌት የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ቁጥሩ የሚነግራችሁ የሞዞውን ዕድሜ ነው። እኔ ይህን ሞዞ በጣም እወደዋለሁ። በመካከለኛው ማርሽ ጎማው ከሰንሰለቱ እኩል ይዞራል፤ በዝቅተኛው ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ በከፍተኛው ሲሶ ያህል ይጨምራል። ይህን ሁሉ የሚሠሩት በአንድ ጡጫ ልክ ባለ ብረት ውስጥ የተደበቁ ትንንሽ ጥርሶች ናቸው። የሚጠይቀው በትንሿ ቀዳዳው ጥቂት ጠብታ ቀጭን ዘይት ነው። ግራሶ አትሙሉበት፤ ውስጡ ያሉት ትንንሽ መያዣዎች ይጣበቃሉ።

አሁን ወደ ጽዳቱ። መጀመሪያ ደረቁን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። ከዚያ በጥቂት ሳሙና የራሰ ጨርቅ፣ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየያዛችሁ ሂዱ። ላቫጆ ወስዳችሁ በግፊት ውሃ አታሳጥቡት፤ ውሃው ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ከውስጥ ያዝገዋል። ቤንዚን የወርቁን መስመርና ጽሑፍ ሊያነሳ ስለሚችል ቀለም ላይ አይንካ። ለስለስ ያለ ማጽጃም ቢሆን አስቀድማችሁ ከፔዳሉ በታች፣ ዓይን በማያየው ቦታ ሞክሩት። ጨርቁ ላይ የብስክሌቱ ቀለም ከመጣ ወዲያው አቁሙ።

ክሮም ያለበት መሪና ቸርኬ ላይ የምግብ መጠቅለያ አልሙኒየም ፎይል ጨምድዳችሁ፣ ውሃ ነክራችሁ ቀስ ብላችሁ እሹ። አልሙኒየም ከክሮም ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ዝገቱን ያነሳል፣ ክሮሙን አይጭርም። ክሮሙ ከስሩ ተነስቶ የተላጠ ከሆነ ግን ሎሚም ኮምጣጤም አታፍሱበት፤ አሲዱ ከስር ገብቶ የቀረውን ያስነሳዋል።

የጸዳውን ቀለም ስስ ሰም ቀቡት። ንጹሕ ሰም ሞቅ አድርጋችሁ በጨርቅ ካሻችሁት እርጥበት ይከለክላል፣ የደበዘዘውንም ጥቁር ያጎላዋል። የተልባ ዘይትም የሚጠቀሙ አሉ፤ ግን የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨምድዶ ከተተወ በራሱ ግሎ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ጨርቁን ዘርግታችሁ ከቤት ውጭ አድርቁት፤ ይህን አደራ እላለሁ።

ብሎንና ዳዶ ከተጣበቀ አትታገሉ። ዘይት አጠጥታችሁ ሦስት አራት ቀን ጠብቁ። ሰው በብዛት የሚያበላሸው የፔዳሉን ክንድ ከመሃል ዘንጉ ጋር የሚቆልፈውን ሽብልቅ ነው። ዳዶውን ፈትታችሁ ሳታወጡት ከሽብልቁ ጫፍ ጋር እኩል አድርጉት፤ ክንዱን ከስር በጠንካራ እንጨት ወይም በብረት ደግፉና በአንድ ጽኑ ምት ምቱት። ሳይደገፍ ከተመታ ኃይሉ ሁሉ ኩሽኔታው ላይ ያርፋል።

የቆዳ ኮርቻ ዘይት ውስጥ አይነከርም፤ ቆዳው ይለሰልስና ይረግባል። ትንሽ የቆዳ ቅባት ይበቃዋል።

ወዝ ወዝ ስል ግን ሕይወት የሚጠብቀውን ክፍል አልጨምርም። የፍሬን ጎማ፣ የፍሬን ሽቦ፣ የውጭ ጎማና ካላማዳሪ አዲስ ይሁኑ። ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ በዘንግ ፍሬን የሚሠራው ትልቁ ራሌይ 635 የሚል ይፈልጋል፤ ከእሱ አነስ የሚለው 590። ትልቁን የቻይና ፍላይንግ ፒጂን የነዳ ሰው 635ን ያውቀዋል፤ ያ ብስክሌት የተሠራው የእንግሊዙን አርአያ ተከትሎ ነውና። ያወጣችሁትን አሮጌ ዕቃም አትጣሉ፤ በከረጢት አድርጋችሁ ከብስክሌቱ ጋር አኑሩት።

አሮጌ ብስክሌት ታሪክም ይዟል። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን፣ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት። የዚያ ዘመን ብስክሌቶች እያንዳንዳቸው የዘመናቸው ምስክሮች ናቸው። ስለዚህ እናቴ፣ አባትዎ በእሱ የት የት እንደሄዱ፣ ምን እንደጫኑበት፣ ማንን እንዳፈናጠጡበት ታላላቆችዎን ጠይቀው ይጻፉ። እናንተም አድማጮች፣ ቆራሌው በር ላይ ሲጣራ፣ ከጓሮ ያለውን ብስክሌት ከማስረከባችሁ በፊት ሞዞውን ጥረጉና ቁጥሩን አንብቡ።