ተራራና ብርድ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የቀረበ ንግግር



የመረጥነው ርእስ ተራራ የሚወጡ ሰዎች በምን ምክንያት እንደሚሞቱ፤ ይልቁንም ብርድ ሰውን እንዴት እንደሚገድል የሚያስረዳ ነው። «እኛ የኤቬሬስት መንገደኞች አይደለን፤ ይህ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም፤ እስከ መጨረሻው እንዲያዳምጠን ግን እንለምነዋለን። ጎጆ የደጋ አገር ናት። እረኞቻችን በሐምሌ ዶፍ ውለው ይገባሉ፤ ታናናሾቻችን በሰኔና በመስከረም ዝናብ ከሩቅ ቀበሌ ጭቃ አቋርጠው ይመጣሉ፤ እኛም ትምህርት ሲዘጋ ወንጪንና ደንዲን ለማየት እንመኛለን።

በመጀመሪያ የሞቱን ምክንያቶች እንመልከት። ተራራ ወጪን የሚገድሉት ከገደል መውደቅ፤ የበረዶ ናዳ፤ የአየር መሳሳት የሚያመጣው ሕመም፤ ቀድሞ የነበረ የልብ ሕመምና ብርድ ናቸው። ኤድመንድ ሂለሪና ቴንዚንግ ኖርጌይ በ1953 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጫፉን በረገጡት በኤቬሬስት ላይ፤ ከ1921 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ 212 ሰዎች እንደ ሞቱ ሐኪሞች መዝግበዋል። ከ8,000 ሜትር በላይ ከሞቱት ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት የሞቱት ጫፉን ረግጠው ሲመለሱ ነው። ጉልበታቸውን ሁሉ ለመውጣት ጨርሰው ለመውረድ አላስተረፉም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። በጎረቤታችን በኪሊማንጃሮም ከ1996 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ከሞቱት 25 ተራራ ወጪዎች 14ቱን የገደላቸው የከፍታ ሕመም ነው፤ ይኸውም ሰውነት ስስ አየር ሳይለምድ በችኮላ በመውጣት የሚመጣ ነው።

አገራችንም የተራራ ብርድን ከጥንት ታውቀዋለች። በአዱሊስ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ የነበረውንና ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በስድስተኛው መቶ ዓመት የገለበጠውን ጽሑፍ ያስጻፈው የአክሱም ንጉሥ፤ ሰሜንን ሲወጋ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንዳለበት ተናግሯል።

አሁን ወደ ብርዱ እንምጣ። የጤነኛ ሰው ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሐኪሞች ሃይፖተርሚያ ይሉታል። መጀመሪያ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፤ ይህ ሰውነት ሙቀት ለማበጀት የሚያደርገው ትግል ነው። ቀጥሎ እጁ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል፤ አንደበቱ ይተሳሰራል፤ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ከ32 ዲግሪ በታች ሲደርስ መንቀጥቀጡ እየቀነሰ ይሄዳል። ያልተማረ ተመልካች «ተሻለው» ይላል፤ ነገር ግን ሞት የቀረበው ያን ጊዜ ነው። አንዳንዱም አእምሮው ተሳስቶ የሞቀው መስሎት ልብሱን ያወልቃል።

ይህ እንዲሆን የግድ በረዶ የተከመረበት ተራራ አያስፈልግም። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል፤ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በከፍታም በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። አምቦ ላይ 20 ዲግሪ ቢሆን፤ 3,386 ሜትር በሆነው በወንጪ አናት 12 ዲግሪ ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቻይና፤ በጋንሱ አውራጃ የደረሰው ነገር ነው። 172 ሰዎች የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ጀመሩ። ብዙዎቹ የለበሱት አጭር ሱሪና ስስ ካናቴራ ነበር። ከቀትር በኋላ ዝናብ፤ በረዶና ኃይለኛ ነፋስ ወረደባቸውና 21 ሯጮች ሞቱ፤ ከእነርሱም ውስጥ ስማቸው የታወቀ ጀግኖች ነበሩ። አደጋው የደረሰበት ስፍራ ከፍታ 2,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም አምቦ ካለችበት ከፍታ እምብዛም አይበልጥም። በዚያ ቀን ዡ ኬሚንግ የሚባል እረኛ በዋሻ ተጠልሎ ሳለ ስድስት ሯጮችን አስገብቶ፤ እሳት አንድዶ፤ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከሞት አዳናቸው። ወላጆቻችን ሆይ፤ ሯጮቹ ያልያዙትን እውቀት እረኛው ይዞት ነበር፤ ይህም የእናንተ እውቀት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከጥጥ የተሠራ ጋቢ ደረቅ ሲሆን ይሞቃል፤ ከረጠበ ግን ብርድን በሰው ላይ ይለጥፋል። ከበግ ጠጉር የተሠራ በርኖስና ባና ቢረጥብም ሙቀት ይይዛል። በብርድ የተመታውን ሰው ከነፋስና ከዝናብ እናስጠልለው፤ እርጥብ ልብሱን አውልቀን በደረቅ እንጠቅልለው፤ ከስሩም ሣር ወይም ቆዳ እናንጥፍ። ነፍሱን ካወቀና መዋጥ ከቻለ ትኩስ ሻይ በብዙ ስኳር እንስጠው። እጅና እግሩን አንሸው። «አረቄ ያሞቃል» የሚለውንም እንተው፤ አረቄ በቆዳ ውስጥ ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ የቀረችውን ሙቀት ያስወጣል። ትንፋሹ የጠፋ ቢመስልም ወደ ሐኪም ሳናደርስ ሞቷል አንበል፤ በ1999 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ ሙቀቷ ወደ 13.7 ዲግሪ የወረደ አና ቦገንሆልም የተባለች ሐኪም ድናለች።

በመጨረሻ ሦስት ነገር እንለምናለን። ጓደኞቻችን ሆይ፤ ለሽርሽር ስንወጣ እያንዳንዳችን አንድ ደረቅ የሱፍ ልብስ በላስቲክ ጠቅልለን እንያዝ፤ ሰማዩ ሲጠቁርም ጫፉ ቢቀርብ እንኳ እንመለስ፤ ማንም ብቻውን ወደ ኋላ አይቅር። ወላጆቻችን ሆይ፤ ከብት የሚጠብቀውን ልጅ ባዶ ሆዱን በዝናብ አትላኩት፤ የተራበ ሰውነት የሚያነደው ማገዶ የለውምና። መምህራኖቻችን ሆይ፤ በዝናብ የራሰ ልጅ ዘግይቶ ሲደርስ፤ ስለ መዘግየቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ከእሳት አጠገብ እንዲደርቅ ፍቀዱለት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፤ ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።