ፈንዳሜንታሊዝምና የዘር ጭፍን ጥላቻ፦ የቦብ ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ እንደ ማሳያ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «ቅዱስ መጽሐፍን ቃል በቃል እቀበላለሁ» የሚል እምነት በአንድ አገር ከዘር መለያየት ሥርዓት ጋር ተቆራኝቶ ለብዙ ዘመን የቆየው ለምንድን ነው? ቁርኝቱ የመነጨው ከእምነቱ ነው ወይስ እምነቱ ከበቀለበት ምድር? በዚህ አዳራሽ ውስጥ መጽሐፉን እንደዚያ የምታነቡ ብዙዎች እንደምትኖሩ እገምታለሁ። ስለዚህ ጥያቄው ለእናንተ የሩቅ አገር ወሬ አይሆንም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። በአማርኛችን «አክራሪነት» የሚለው ቃል በዕለታዊ አነጋገር ከዓመፅ ጋር ስለተያያዘ ለዛሬው ጉዳይ አይመችም። ብዙዎቹ ፈንዳሜንታሊስቶች በማንም ላይ እጃቸውን አንሥተው አያውቁም። ስለዚህ ቃሉን እንደተለመደው ፈንዳሜንታሊዝም እያልሁ እጠቀምበታለሁ። ስሙ የተገኘው ከ1910 እስከ 1915 በ12 ቅጽ ከታተሙ ጽሑፎች ነው፤ ወጪውን የሸፈኑት በካሊፎርኒያ በነዳጅ ዘይት ሥራ የበለጸገው ላይማን ስቱዋርትና ወንድሙ ሚልተን ሲሆኑ፣ ጽሑፎቹ ለሰባክያንና ለመምህራን በነጻ ታደሉ። በ1920 የባፕቲስት ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረው ከርቲስ ሊ ሎውዝ ለነዚህ የእምነት መሠረቶች ለመታገል የቆረጡትን ሰዎች «ፈንዳሜንታሊስት» ብሎ ጠራቸው። የንቅናቄው ዓምዶች የሚባሉት የመጽሐፉ ስሕተት አልባነት፣ የክርስቶስ ከድንግል መወለድ፣ የቤዛነቱ ሞት፣ በሥጋ መነሣቱና ተአምራቱ ናቸው። ከነዚህ አንዱም ስለ ሰው ቆዳ ቀለም አይናገርም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ።

አሁን ወደ አንድ ተቋም ልውሰዳችሁ። ወንጌላዊው ቦብ ጆንስ በ1927 በፍሎሪዳ ኮሌጅ መሠረተ፤ ኮሌጁ በኋላ ወደ ቴነሲ፣ ከዚያም በ1947 ወደ ግሪንቪል፣ ደቡብ ካሮላይና ተዛወረ። በ1960 የትንሣኤ ዕለት መሥራቹ የዘር መለያየት መጽሐፍ ቅዱሳዊ መሠረት አለው ወይስ የለውም በሚል ርእስ በሬዲዮ ሰበከ። መልሱ «አለው» የሚል ነበር። ዋና ማስረጃው ጳውሎስ በአቴና፣ በአርዮስፋጎስ ላይ ካደረገው ንግግር የተወሰደ፣ በሐዋርያት ሥራ 17፥26 የሚገኝ ቃል ነው። እግዚአብሔር ለሕዝቦች የሚኖሩበትን ወሰን መድቧል፤ እንግዲያስ ያንን ወሰን የሚያፈርስ ሰው ከእግዚአብሔር ጋር ይጣላል የሚል ነበር ክርክሩ። የስብከቱ ፍላጻ በከፊል ያነጣጠረው በቢሊ ግራሃም ላይ ነው። ግራሃም በ1953 በቻታኑጋ ባደረገው ጉባኤ ነጭና ጥቁር ተሰብሳቢዎችን የሚለየውን ገመድ በገዛ እጁ አንሥቶ ነበርና።

ዩኒቨርሲቲው እስከ 1971 ድረስ ጥቁር ተማሪ አልተቀበለም። ከዚያ እስከ 1975 የተቀበለው በዘራቸው ውስጥ ያገቡትን ብቻ ነበር። በ1975 ያላገቡትንም መቀበል ሲጀምር፣ በተለያየ ዘር ተማሪዎች መካከል መጠናናትንና ጋብቻን የሚከለክል ደንብ አጸና፤ ደንቡን የጣሰ ተማሪ ይባረራል። የፌዴራል የገቢ መሥሪያ ቤት በ1976 ተቋሙ ከግብር ነጻ የነበረበትን መብት ሻረ። ዩኒቨርሲቲው ስለ አንድ ሠራተኛ የከፈለው 21 ዶላር ይመለስልኝ ብሎ ከሰሰ፤ መንግሥት ደግሞ ወደ 490,000 ዶላር የሚጠጋ ውዝፍ ግብር ይገባኛል ብሎ መልሶ ከሰሰ። በ21 ዶላር የተጀመረው ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በግንቦት 1983 በ8 ለ1 ድምፅ በዩኒቨርሲቲው ላይ ተፈረደ። ፍርዱን የጻፈው ዋና ዳኛው ዋረን በርገር ሲሆን፣ ዊሊያም ሬንኲስት ብቻውን ተቃወመ። በመካከሉ የሬገን አስተዳደር የመንግሥትን አቋም መከላከሉን ስለተወው፣ ፍርድ ቤቱ ዊሊያም ኮልማን የተባለውን ጥቁር አሜሪካዊ የሕግ ሰው ሾሞ ያንን ወገን እንዲያስረዳ አድርጓል።

በዚህ ፍርድ ውስጥ ለእኛ ጥያቄ የሚጠቅመው ስለ ግብር የተባለው አይደለም። ፍርድ ቤቱ የዩኒቨርሲቲውን እምነት «ሽፋን ነው» ብሎ አልናቀውም፤ እውነተኛ እምነት መሆኑን ተቀብሎ ነው የፈረደበት። እኔም ይህን መነሻ እቀበላለሁ። «ሃይማኖቱ ሰበብ ነው፤ ልባቸው ውስጥ ያለው ጥላቻ ነው» የሚለው ማብራሪያ ቀላል ስለሆነ ይወደዳል፤ ነገር ግን ሰዎቹ በቅንነት ያመኑትን ነገር እንዴት ሊያምኑት እንደቻሉ አይነግረንም።

እስኪ መጽሐፉን ራሳቸው ባሉን ደንብ እናንብበው። የተጠቀሰው የሐዋርያት ሥራ ቃል ስለ ወሰን ከመናገሩ በፊት የሚናገረው የሰው ልጆች ሁሉ ምንጭ አንድ ስለ መሆኑ ነው። ስብከቱ የተንተራሰው በዓረፍተ ነገሩ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ደግሞም ጽሑፉ ስለ ሕዝቦች እንጂ ስለ ቆዳ ቀለም አያወራም። ጋብቻውንስ? በዘኍልቍ 12 ሙሴ ያገባት ሴት በዕብራይስጡ ኩሻዊት፣ በእኛ ትርጉም ኢትዮጵያዊት ናት። ስለ እርሷ ያጉረመረመችው ማርያም ናት፤ በለምጽ ተመትታ እንደ በረዶ የነጣችውም እርሷው ናት። ቃል በቃል አነባለሁ የሚል ሰው የተለያየ ዘር ጋብቻን የሚከለክል ደንብ ከማውጣቱ በፊት ከዚህ ምዕራፍ ጋር መፋጠጥ ነበረበት። የአንድምታ መምህሮቻችን ለአንድ ንባብ «አንድም» እያሉ ብዙ ፍች ይሰጣሉ፤ የፈንዳሜንታሊዝም ትምክሕት ግን ፍቹ አንድ፣ እሱም ግልጽ ነው የሚል ነው። ግልጽ ነው የተባለው ፍች ከውጭ የገባ ሆኖ ሲገኝ ችግሩ የሚከብደውም ለዚህ ነው።

የካም ጉዳይ ከዚህም የባሰ ነው። በዘፍጥረት 9 የተረገመው የካም ልጅ ከነዓን ነው፤ በምዕራፍ 10 ከካም ልጆች ስማቸው የተጠቀሰው ኩሽ፣ ምጽራይምና ፉጥ በእርግማኑ ውስጥ የሉም። ስለ ጥቁረትም አንዲት ቃል የለችም። ይሁን እንጂ ከቦብ ጆንስ ጋር ጉዳዩ አብሮ የታየው በሰሜን ካሮላይና የሚገኘው የጎልድስቦሮ ክርስቲያን ትምህርት ቤት፣ የሰው ዘር ሁሉ ከኖኅ ሦስት ልጆች እንደሚከፈል፣ ጥቁሮችና እስያውያን ከካም፣ ዕብራውያን ከሴም፣ ነጮች ከያፌት እንደሆኑ፣ መቀላቀላቸውም የእግዚአብሔርን ትእዛዝ መጣስ እንደሆነ ያስተምር ነበር። በቨርጂኒያ ደግሞ ሚልድረድና ሪቻርድ ላቪንግ የተባሉትን ባልና ሚስት የቀጣው ዳኛ ሊዮን ባዚል እግዚአብሔር ዘሮችን በየአህጉሩ ለይቶ ማስቀመጡን በፍርድ ጽሑፉ ላይ ምክንያት አድርጎ አስፍሯል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን ፍርድ የሻረው በ1967 ነው።

ከርእሴ ትንሽ ልውጣ፤ ስለ ካም ሲነሣ እኛን የሚነካ ነገር አለና። በአሜሪካ ባርነትን ለማጽደቅ ካም ጥቁር ሆኖ ሳለ፣ በአፍሪካ ጥናት ግን ነጭ ሆነ። ቻርልስ ሴሊግማን በ1930 ባሳተመው የአፍሪካ ዘሮች መጽሐፉ በአህጉሩ የታየውን ሥልጣኔ በአብዛኛው «ካማውያን» ላላቸውና ከነጮች ወገን ለመደባቸው መጤዎች ሰጠ፤ የቀንዱ አካባቢ ሕዝቦችም ከነዚሁ ተቆጠሩ። ይህ አመዳደብ በሩዋንዳ ቱትሲዎችን ከኢትዮጵያ የመጡ ባዕዳን አደረጋቸው። በኅዳር 1992 ሌዎን ሙጌሴራ የተባለ ፖለቲከኛ በአደባባይ ሲናገር በኛባሮንጎ ወንዝ ወደ ኢትዮጵያ እንደሚላኩ ዛተ። በ1994 ወንዙ ሬሳ ተሸከመ። አንድ ስም በሁለት ተቃራኒ ትርጉሞች ሁለት ክፉ ሥራ መሥራቱ፣ ትርጉሙ ከጽሑፉ እንዳልመጣ ከማናቸውም የቋንቋ ክርክር በላይ ያስረዳል።

የታሪክ ጸሐፊው ማርክ ኖል ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ሥነ መለኮት ባሳተመው ጥናት ለዛሬው ክርክራችን ቁልፍ የሆነ ልዩነት አሳይቷል። ባርነትን የሚደግፉት ሰባክያን ጥቅስ በመደርደር ይበልጡ ነበር፤ መጽሐፉ ስለ ባሪያና ጌታ ይናገራልና። ባርነቱ በጥቁሮች ላይ ብቻ መሆን አለበት የሚለውን ግን ከየትኛውም ጥቅስ ሊያወጡት አይችሉም ነበር። ያ ግምት ሳይመረመር፣ ሳይጠየቅ ገባ። ተቃዋሚዎቻቸውም ቢሆኑ አብዛኞቹ ይህን ግምት ስለሚጋሩት ጥያቄውን አላነሡትም። በ1845 የደቡብ ባፕቲስት ጉባኤ የተመሠረተው ባሪያ ያለው ሰው ሚስዮናዊ መሆን ይችላል በሚል ጠብ ነው፤ ጉባኤው ይቅርታ የጠየቀው ከ150 ዓመት በኋላ፣ በ1995 ነው።

በአንጻሩ የታሪክ ምሁሩ ዴቪድ ቻፔል የዘር መለያየት ደጋፊዎች ከአብያተ ክርስቲያናት የጠበቁትን ያህል ድጋፍ እንዳላገኙ ይከራከራል። እውነትም የደቡብ ባፕቲስት ጉባኤ በ1954 የትምህርት ቤቶችን መለያየት የሻረውን ፍርድ ደግፎ ወስኗል። እኔ ግን የጉባኤ ውሳኔን የምእመናን እምነት አድርጎ መውሰድ ያሳስተናል እላለሁ። በየአጥቢያው ገንዘብ የሚያዋጣውና ሰባኪ የሚያባርረው ከጉባኤው ወንበር ርቆ ያለው ሰው ነው።

የሥነ ልቡና ተመራማሪዎችስ ምን አገኙ? ጎርደን ኦልፖርት ገና በ1954 ሃይማኖት ጭፍን ጥላቻን ሲወልድም ሲያጠፋም እንደሚታይ ጽፎ ነበር። በ1967 ከማይክል ሮስ ጋር ባሳተመው ጥናት ሃይማኖትን ለሌላ ጥቅም የሚይዙት፣ ለራሱ ከሚኖሩለት ይልቅ ጭፍን ጥላቻ እንደሚበዛባቸው አሳየ። በ1992 ካናዳውያኑ ቦብ አልተማየርና ብሩስ ሀንስበርገር ሰው የሚያምነውን ትምህርት ሳይሆን እምነቱን የሚይዝበትን መንገድ ይመዝናል ያሉትን የፈንዳሜንታሊዝም መለኪያ አወጡ፤ ከጭፍን ጥላቻም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለባለሥልጣን ከመገዛት ዝንባሌ ጋር ጠንካራ ተዛምዶ አገኙ። በ2001 ብራያን ሌይዝ፣ ዴቦራ ፊንክልና ሊ ከርክፓትሪክ እነዚህን ሁለቱን በስታቲስቲክስ ለያዩአቸው። ለሥልጣን የመገዛት ዝንባሌ ሲነጠል፣ የቀረው ፈንዳሜንታሊዝም ከዘረኝነት ጋር ያለው ተዛምዶ ወደ ተቃራኒው ዞረ፤ በግብረ ሰዶማውያን ላይ ካለው ጥላቻ ጋር ያለው ግን እንደነበረ ቀረ።

ይህን ውጤት «ፈንዳሜንታሊዝም ነጻ ወጣ» ብሎ ማንበብ ችኮላ ነው። በ2001 ዘረኝነትን የሚያወግዙ ሰባክያን በዝተዋል፤ ታዛዥ ምእመን በመጠይቅ ላይ የሚሞላው የታዘዘውን ሊሆን ይችላል። ተጠያቂዎቹም በአብዛኛው የሰሜን አሜሪካ ነጮች ናቸው። ስሕተት አልባነትን በጽናት የሚያምኑ የጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት መኖራቸው ለዚህ ክርክር ከማናቸውም መጠይቅ ይበልጣል፤ ያንኑ መጽሐፍ በዚያው ደንብ እያነበቡ የዘጸአትን ታሪክ የራሳቸው አደረጉት። ማይክል ኤመርሰንና ክርስቲያን ስሚዝ በ2000 ያሳተሙት ጥናትም ይህንኑ ያጠናክራል፦ ነጭ ወንጌላውያን የዘርን ችግር በግለሰብ ኃጢአትና በሰው ለሰው ግንኙነት ብቻ ሲያዩት፣ በሥነ መለኮት የሚስማሟቸው ጥቁር ወንጌላውያን ግን በሕግና በተቋም ውስጥ ያዩታል።

ወደ ግሪንቪል ልመለስ። ጆርጅ ቡሽ ልጅየው በየካቲት 2000 ለምርጫ ቅስቀሳ ዩኒቨርሲቲውን ጎበኘና ቁጣ ተነሣ። በመጋቢት ወር የመሥራቹ የልጅ ልጅ ቦብ ጆንስ ሦስተኛ በላሪ ኪንግ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርቦ ደንቡ መቅረቱን አስታወቀ። በ2008 ተቋሙ ይቅርታ ጠየቀ፤ የዘር ደንቦቹ ከመጽሐፉ ይልቅ በአሜሪካ ባህል ተቀርጸው እንደነበር ገለጸ። በ2017 ከግብር ነጻ የመሆን መብቱን መልሶ አገኘ።

ይቅርታው በመልካም የሚታይ ነው፤ ማብራሪያው ግን አያረካኝም። «ባህሉ አሳሳተን» ማለት፣ ለአርባ ዓመታት ምዕራፍና ቁጥር እየተጠቀሰ የተሰጠውን ትምህርት ከንባብ መዝገብ አውጥቶ ወደ ልማድ መዝገብ ማስገባት ነው። ልማድ ከሆነ፣ «መጽሐፉ ልማድን ይፈርዳል» ብሎ የተነሣው ንቅናቄ ይህን አንዱን ሳይፈርድበት ያለፈው ለምንድን ነው? ዘኍልቍ 12 በቤተ መጻሕፍታቸው ነበር፤ ከአርዮስፋጎሱ ቃል የመጀመሪያው አጋማሽም እንዲሁ። ያረማቸው ሌላ ጥቅስ አልነበረም፤ የግብር መሥሪያ ቤት፣ ፍርድ ቤትና የምርጫ ዘመን ጋዜጠኞች ናቸው። የጎደለው በውስጥ ሆኖ «አይደለም፣ አልተጻፈም» የሚል፣ ሲልም የማይባረር አንባቢ ይመስለኛል። በሥልጣን ተዋረድ በጸና ማኅበር ውስጥ እንዲህ ያለ አንባቢ እንዴት ይገኛል የሚለውን ለውይይታችን እተወዋለሁ፤ በተለይ በነገረ መለኮትና በሶሲዮሎጂ ክፍል ካላችሁት መስማት እፈልጋለሁ።