የበርበሬ ሞዛይክና የመስኖ ውሃ ድልድል
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ተክል በሽታ ሊናገር መነሣቱ ከሙያው የወጣ ያስመስለው ይሆናል። ይሁን እንጂ ዛሬ የማነሣው በሽታ መከላከያው በመርጫ መሣሪያ ሳይሆን በቦይ መዝጊያ ላይ ስለሚገኝ ጉዳዩ የእኛም ነው።

በሞዛይክ የተያዘ የበርበሬ ቅጠል ደማቅና ፈዛዛ አረንጓዴ ሆኖ ይዥጎረጎራል፤ ይጨማደዳል። ተክሉ ይቀጭጫል፤ ፍሬው ያንሳል፤ ቅርጹም ይበላሻል። ገና በችግኝነቱ ከተያዘ ጉዳቱ ይብሳል። በአገራችን በርበሬ ላይ የድንች ዋይ ቫይረስ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ከጋና የተገለጸው ፔፐር ቬይናል ሞትል ቫይረስ፣ እንዲሁም በአገራችን ስም የሚጠራው ኢትዮጵያን ፔፐር ሞትል ቫይረስ እንደሚገኙ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የታተሙ ጥናቶች አመልክተዋል።

እነዚህን ቫይረሶች የሚያዛምታቸው ክሽክሽ ነው። ክሽክሽ የታመመውን ቅጠል በመርፌ መሰል አፉ ለጥቂት ሰኮንድ ወግቶ ሲቀምስ ቫይረሱ በአፉ ይቀራል፤ ወደ ጤነኛው ተክል በርሮ ሲወጋም ያስተላልፋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ፀረ ተባዩ ክሽክሹን ከመግደሉ በፊት ነው። ስለዚህ ገበሬው መርጨትን ቢደጋግም ገንዘቡን ያጠፋል እንጂ ሞዛይክን አይገታም። የታመመውን ተክል የሚፈውስ መድኃኒትም የለም።

ሆኖም ቫይረሱ ደካማ ጎን አለው። በክሽክሽ አፍ ውስጥ የሚቆየው ለሰዓታት ብቻ ነው። ከአንዱ ምርት ወደ ቀጣዩ እንዲሻገር ሕይወት ያለው ተክል ያሻዋል፤ ይኸውም አሮጌ በርበሬ፣ ቲማቲም፣ ወይም እንደ አውጥ ያለ የቅርብ ዘመድ አረም ነው።

እዚህ ላይ ከኮንሶ ወደ ጂንካ የሚወስደው መንገድ የሚያቋርጠውን የወይጦን ሸለቆ እንመልከት። በዝናብ ብቻ በሚለማ ማሳ የበጋው ድርቀት በሁለት ምርቶች መካከል ዕረፍት ይፈጥራል። በቆላማው ወይጦ ግን መስኖ ይህን ዕረፍት ሊያጠፋው ይችላል። ዓመቱን ሙሉ በርበሬ እንዲበቅል ውሃ ስንለቅ ለቫይረሱም ድልድይ ሠራንለት ማለት ነው። በሸለቆው የሚለማው ጥጥም የጥጥ ክሽክሽን ያስተናግዳል፤ ይህ ክሽክሽ ደግሞ በርበሬንም ይወጋል።

የውጭ አገር ልምድም አለ። በካሊፎርኒያ ክሽክሽ የሚያዛምተውን የሴለሪ ሞዛይክ ለመከላከል በዓመቱ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ሴለሪ በማሳ ላይ እንዳይገኝ በደንብ ተወስኖ ነበር።

በእኔ አስተያየት የወይጦ የውሃ ድልድል ሲነደፍ በየዓመቱ ለሁለት ወር ያህል በርበሬና ቲማቲም ከማሳ የሚጠፉበት ወቅት ሊካተት ይገባል። በዚህ ጊዜ ውሃው ቫይረሱን ለማይቀበሉት ለበቆሎና ለማሽላ ይዋል፤ የቦይ ደለልም በተራ ይጠረግ። አሮጌው ተክል ይነቀል፤ የችግኝ መደቡም ከአሮጌ ማሳ ይራቅ። በዚያ ወቅት የአረንጓዴ ቃሪያ ገቢ የሚቀርበት ገበሬ መኖሩ አይካድም። ስለዚህ ወቅቱ በውሃ ተጠቃሚዎች ስምምነት ይወሰን እንጂ ከቢሮ በትእዛዝ አይውረድ። አንዱ አክብሮት ጎረቤቱ ቢጥሰው ክሽክሽ ወሰን አያውቅምና የሁሉም ድካም ከንቱ ይሆናል።

የመስኖ ሥራ የሚመዘነው ባደረሰው ውሃ ብቻ ሳይሆን ገበሬው ወደ ጎተራው ባስገባው ምርት ጭምር መሆኑን በማሳሰብ ንግግሬን እፈጽማለሁ።