«ልዩ ልዩ» ብለን የመዘገብነው ወጪ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አምና ለሰፈራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጃገረዶች ሞዴስ ገዝተን ነበር። ሒሳቡን ስንመዘግብ ግን «ልዩ ልዩ ወጪ» አልነው። ኦዲተሩ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲለን እርስ በርስ ተያየን። ልጆቻችን ለምን አይናገሩም እያልን፣ እኛው ስሙን መጥራት አፈርን።

በወር አበባ ምክንያት በየወሩ 3 ቀን የምትቀር ተማሪ በ10 ወር 30 የትምህርት ቀን ታጣለች። ይህ 6 ሳምንት ነው።

ዘንድሮ ከትምህርት ቤቱ የሴቶች ክበብ ጋር ሆነን ክፍል ገባን። ወንዶቹንም አላስወጣንም። የወር አበባ በሽታ እንዳልሆነ፣ ታጥቦ የሚሠራበት ጨርቅ አልጋ ሥር ተደብቆ ሳይሆን ፀሐይ ላይ መድረቅ እንዳለበት፣ ሕመሙ ከትምህርት የሚያስቀር ከሆነ ጤና ጣቢያ መሄድ እንደሚገባ አስረዳን። መጀመሪያ ሳቁ። በኋላ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «እህቴን ሲያማት ምን ላድርግላት?» አለ። ከዚያ ወዲያ የሳቀ አልነበረም።

ሞዴስ ብቻ መስጠት እንደማይበቃ የተማርነው ያን ቀን ነው። የሚያፍሩበት ከሆነ የሰጠናቸውም ቦርሳ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ልጅቷም ቤቷ ትውላለች።

ደጋፊዎቻችን፣ የዘንድሮውን የሒሳብ ሪፖርት ስትገልጡ «የሞዴስ ግዢ» የሚል መስመር ታገኛላችሁ። በስሙ ጽፈነዋል። ለከርሞ ደግሞ ከጎኑ «ለሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት ውኃ ማስገቢያ» ብለን እንድንጽፍ አግዙን።